ተጨማሪ መረጃ፦ ፈጣን ኢንተርኔት ሲባል ምን ማለት ነው?

የኢንተርኔት መስመር ፍጥነት የሚገለጸው በሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ የፋይል መጠን ግን በሜጋ ባይት ይጻፋል። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ ባለ 40 ሜጋ ቢት መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ቢበዛ 5 ሜጋ ባይት ነው። 600 ሜጋ ባይት የሆነ ፊልም ለማውረድ ቢያንስ 2 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ይህ ቁጥር ግን ብቻውን በቂ አይደለም። በቪዲዮ ስንነጋገር ምስላችን የሚሄደው በመላኪያው ፍጥነት ነው፤ እሱም በብዙ ቤቶች ከማውረጃው ያንሳል። ሌላው መዘግየት ነው፤ ይህም መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ ሲሆን በሚሊ ሰከንድ ይለካል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ባለ ሳተላይት በኩል ሲሆን፣ ይህ ጊዜ በርቀቱ ብቻ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። ስለዚህ ፊልም ያለችግር የሚያሳይ መስመር ለስልክ ጨዋታ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል።

ዋይፋይም የራሱ ድርሻ አለው። የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ከ2.4ቱ ይፈጥናል፤ ግድግዳ ሲያቋርጥ ግን ቶሎ ይደክማል።

ሞክሩ፦ ፍጥነቱን መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝታችሁ፣ ቀጥሎ ራቅ ካለ ክፍል በዋይፋይ ለኩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ችግሩ ያለው ከመስመሩ ሳይሆን ከቤት ውስጥ ነው።