ኪሎ ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ ላይ ከዓመት በኋላ የተገናኙ ሁለት ወዳጆች ገና እጅ ሳይለቃቀቁ ወሬው ወደ ኪሎ ይዞራል። በእናቶቻችን ዘመን «ተመችቶሃል፣ ወፍረሃል» ምርቃት ነበር፤ «ምነው ከሳህ?» ደግሞ የደግ ሰው ስጋት። አሁን «ወፍረሃል» የተባለው ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ «ከሰኞ ጀምሮ ስፖርት ልሠራ ነው» ይላል። ያቺን ሰኞ ያያት ጥቂት ነው። እኔም ካላዩዋት ነኝ።

ይህ ጭንቀት ድሮ የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ ነበር። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲካሄድ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 30 ከመቶው ከሚገባቸው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ከልክ በላይ የወፈሩት 3 ከመቶ ብቻ። በ2016ቱ ጥናት ቀጭኖቹ ወደ 22 ከመቶ ሲወርዱ የወፈሩት 8 ደረሱ። በውፍረት ከተማው ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቀነጨረ ሕፃንና ቦርጫም ጎልማሳ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

የተለመደው ማብራሪያ አጭር ነው፤ ከሚያወጣው በላይ የበላ ይወፍራል። እውነት ነው። በምግብ ቋንቋ አንድ ካሎሪ ማለት አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሞቅ ኃይል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በኮነቲከት ግዛት፣ ሚድልታውን ከተማ፣ ሰው የሚገባበት የታሸገ ክፍል አሠራ። ሰውየው እዚያ ውስጥ እየበላ፣ እየተኛ፣ ብስክሌት እየመታ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀትና የሚተነፍሰው አየር ይለካ ነበር። ዛሬ የብስኩት ማሸጊያ ላይ የምናየው ስሌት መሠረቱ ያ ሥራ ነው፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በግራም 4 ካሎሪ፣ ስብ 9። አልኮል 7 ነው፤ ድራፍት ቤት ውስጥ ግን ይህን የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም።

ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሳለ አጠቃቀማችን ይስታል። ኪሎ የጨመረ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጂም ነው። እስቲ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 70 ካሎሪ ገደማ ያወጣል፤ ጠቅላላው 700 ነው። ሩጫው እንዳለቀ ቲሸርቱን ሳያወልቅ ክትፎ ቤት ይገባል። ክትፎው ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ከፈሰሰ ቅቤው ብቻውን 350 ያህል ነው፤ ግማሽ ሊትር ድራፍት ደግሞ 200። ሥጋውን ገና አልቆጠርነውም።

ከዚህ የሚብሰው ግኝት የመጣው ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሄርማን ፖንትዘር የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ታንዛኒያ ሄዶ፣ በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ሐድዛዎች በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያወጡ ለካ። ልዩ ምልክት ያለው ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዚያ በተከታታይ ቀናት ሽንታቸው ሲመረመር ወጪያቸው ይታወቃል። ሥር ሲቆፍሩ፣ ማር ሲቆርጡና አውሬ ሲከተሉ የሚውሉት ሐድዛዎች፣ የሰውነት መጠናቸው ታስቦ ሲሰላ፣ ወንበር ላይ ከሚውሉት አሜሪካውያንና አውሮፓውያን የሚበልጥ ኃይል አያወጡም ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ፖንትዘር እንደሚለው ሰውነት ቆጣቢ ነው፤ በእግርና በእጅ ብዙ ሲያወጣ በማናየው የውስጥ ሥራው ላይ ይቀንሳል። ይህ ማብራሪያው ዛሬም ያከራክራል። በ2021 ደግሞ ከ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎች የተለኩበት ሥራ ወጣ፤ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የሰውነት የኃይል ወጪ፣ መጠኑ ታስቦ ሲሰላ፣ አይቀንስም። በ40 ዓመት ለመጣ ቦርጭ «ዕድሜ ነው» የሚለው ምክንያት እንግዲህ አይሠራም።

ስፖርት ከንቱ ነው እያልሁ አይደለም። ለልብ፣ ለደም ስኳር፣ ለእንቅልፍና የቀነሱትን ኪሎ ይዞ ለመቆየት የሚተካው የለም። እንደ ሯጮቻችን ያለ ልምምድ ደግሞ ወጪውን በእርግጥ ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 10 ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች ለአንድ ሳምንት የሚበሉት እየተመዘነ ተመዝግቦ ነበር። በቀን በአማካይ 3,200 ካሎሪ ገደማ በሉ፤ ያወጡት ደግሞ 3,300 ገደማ። ልዩነቱ አንድ ሙዝ ቢሆን ነው። ሰውነት ገቢና ወጪውን እንዲህ አጣጥሞ መያዝ ያውቅበታል፤ ምግቡ ካላታለለው።

ምግብ እንዴት እንደሚያታልል በግልጽ ያሳየው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ኬቨን ሆል ነው። 20 ሰዎችን ተቋሙ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ከትኩስ ግብዓት የተሠራ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ፋይበር እኩል ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። የፋብሪካው ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጨመሩ። በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም «ብላ በሞቴ» አላላቸውም።

እኛ ዘንድ የፋብሪካ ምግብ ገና ወጥ ቤቱን ጠቅልሎ አልያዘውም። ወጥ ቤቱን የያዘው ዘይት ነው። ከውጭ የሚገባው የረጋ ዘይት በየሸማቾች ማኅበሩ ሲታደል በቆየባቸው ዓመታት እጃችንም እየፈታ ሄደ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ሆድ ሳይሞላ ያልፋል። ወጥ ዘይቱን ሲተፋ ነው በሰለ የሚባለው፤ ይህን የምታውቅ ባለሙያ ደግሞ እንዲተፋ አድርጋ ትጨምራለች። ፆም ያቀጥናል የሚለው እምነት የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። ሽሮው ዘይት ተንሳፍፎበት፣ ድንቹ ተጠብሶ፣ ሳምቡሳው ታክሎበት፣ ሰላጣው ሳይቀር ዘይት ጠጥቶ ሲቀርብ፣ የበየዓይነቱ ትሪ ከጥብስ ያነሰ ካሎሪ አለው ብዬ አልምልም። ሥጋና ቅቤ የተተወው ለነፍስ ነው፤ ሚዛኑን የሚያውቀው ዘይት የያዘው እጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለእግረኛ መክፈቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የከተማችን ውፍረት የሚወሰነው ከአስፋልቱ ይልቅ ማዕዱ ላይ ይመስለኛል።

የወፈረውን ሰው «ሆዳም» ማለት ግን ቢቀር ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ 16 ፈቃደኞች ለስምንት ሳምንት በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ እንዲበሉ ተደረገ። ትርፉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ አንደኛው የጨመረው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም፣ ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ከልዩነቱ ብዙውን ያመጣው ሳይታወቃቸው የሚያደርጉት ጥቃቅን እንቅስቃሴ ነበር፤ መቁነጥነጥ፣ መንጎራደድ፣ ተነሥቶ መቀመጥ። በልጅነቱ «አርፈህ ተቀመጥ» እያሉ የተቆጡት ቁንጥንጥ ሳይወፍር የቀረው ለካ በዚህ ነው።

የቀረው የስሌቱ ጉዳይ ነው። በየጂሙ የሚነገረው «አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ነው፤ በቀን 500 ብትቀንስ በወር 2 ኪሎ ትቀንሳለህ» የሚል ነው። ሰውነት ሲቀል ወጪውም ስለሚቀንስ ስሌቱ ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም፤ ሰውም «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ቀመር የሚሻል ነው፤ ከዕለት ምግብ በቋሚነት የተቀነሰ እያንዳንዱ 24 ካሎሪ ውሎ አድሮ አንድ ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ ግማሹ በአንድ ዓመት፣ የቀረው ከሞላ ጎደል በሦስት።

በቡና እንሞክረው። አቦል፣ ቶናና በረካ በየቀኑ የሚጠጣ፣ በየስኒውም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው ከስኳሩ ብቻ 96 ካሎሪ ያገኛል። ስኳሩን ቢተውና በምትኩ ሌላ ባይበላ፣ በመጀመሪያው ዓመት 2 ኪሎ ያህል፣ በሦስት ዓመት ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል። ፈንዲሻውና ዳቦው ለብቻ ይቆጠራል።