ዛንዚባር ላይ አንድ ቀን በሞተር፦ ከመነሳታችሁ በፊት



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ዳሬሰላም የሚሠራውን ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ዳሬሰላም የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስልኬ ላይ ያሉትን የዛንዚባር ፎቶዎች ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሞተሩን እንዴት አገኛችሁት? እኛም ብንሄድ ይቻላል ወይ?» ይቻላል። ግን ለእያንዳንዱ ሰው ካፌ በር ላይ ቆሜ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዛንዚባር ስንል ብዙ ጊዜ ዋናውን ደሴት ኡንጉጃን ማለታችን ነው። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከዳሬሰላም በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የታንዛኒያ አካል ቢሆንም የራሱ መንግሥት ስላለው ወደቡ ላይ ፓስፖርት ይታያል። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ናቸው፣ ዳገት የለም፣ ርቀቱም አጭር ነው። ካርታው ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ የሚያታልለውም ይኼው ነው።

እኔና አብሮኝ የሄደው የባቼ ልጅ የመጀመሪያ ዕቅዳችን ደሴቱን በሙሉ በሁለት ቀን መዞር ነበር። ሰሜን ኑንግዊ፣ ከዚያ ምሥራቁን የባሕር ዳር ይዘን ደቡብ መውረድ። ወንድሜ ዕቅዱን አይቶ ስለ ኪሎ ሜትሩ ምንም አላለም። «ስንት ሰዓት ብርሃን አላችሁ?» ብቻ አለ። መልስ አልነበረንም።

በሞተር ጉዞ ዕቅድ የሚወጣው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። መንደር በደረሳችሁ ቁጥር የፍጥነት መስበሪያ አለ፤ ሕፃናት፣ ብስክሌት፣ የበሬ ጋሪ አለ፤ ትራፊክ ፖሊስ የሚያስቆምበት ኬላም አለ። በመንደሮች ውስጥ ከ50 በላይ መንዳት አይፈቀድም። ሁሉንም አቻችላችሁ ስታሰሉት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ ጥሩ ነው። ደሴቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ እስከ ሩብ ጉዳይ ለአንድ ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ወዲያው ነው። የመንገድ መብራት ከከተማ ውጭ አትጠብቁ። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን፦ መግሪብ ሳይገባ ሞተሩ ቆሟል።

(በነገራችን ላይ የሰዓት ነገር እዚያ አያስቸግራችሁም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት አንድ ሰዓት ነው። ቃሉም «ሳአ» ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ቀጠሮ ሲሳሳት እኛ ብቻ ልክ እንደርስ ነበር።)

ሁለቱን ቀን ወደ አንድ፣ ሙሉውን ደሴት ወደ ደቡቡ ግማሽ ቀነስነው። ከስቶን ታውን ተነስቶ ጆዛኒ ጫካ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ፓጄ ባሕር ዳር፣ በጃምቢያኒና በማኩንዱቺ አድርጎ ኪዚምካዚ፣ ከኪዚምካዚ ቀጥታ ወደ ከተማ። በጠቅላላው 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ብትነሱ 3 ሰዓት ጆዛኒ ናችሁ፤ እዚያ አንድ ሰዓት፣ ፓጄ አንድ ሰዓት፣ ዙህርና ምሳ ኪዚምካዚ፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ከተማ። ከመግሪብ በፊት ከሁለት ሰዓት በላይ ይተርፋል። ያ ትርፍ ለጎማ መተንፈስ፣ ለዝናብ፣ መንገድ ለመሳት የተቀመጠ እንጂ ሌላ ቦታ ለመጨመር አይደለም። ጓደኛዬ ፓጄ ላይ ሊጨምርበት ሞክሮ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ፤ መንጃ ፈቃድ። ሀገራችን ውስጥ ሞተር የራሱ ምድብ ያለው ፈቃድ ነው። እኔ የሞተር አለኝ፣ አባቴ ለሥራ በሚጠቀምበት ሞተር ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። ጓደኛዬ ያለው የአውቶሞቢል ነው። ዛንዚባር ላይ የውጭ ሰው ለመንዳት የሀገሩን ፈቃድ አሳይቶ የአካባቢውን ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣል፤ አከራዮቹ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያስወጡላችኋል። እኛ ያነጋገርነው አከራይ ደግሞ ምድቡን እንኳ ሳያይ «ለሁለታችሁም ሁለት ሞተር እሰጣችኋለሁ» አለ። ጓደኛዬ ደስ አለው። እኔ እምቢ አልኩ። ስቶን ታውን መሀል፣ ሰው እያየን፣ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። «ሰፈር ውስጥ ነድቼ አውቃለሁ፣ መንገዱ ሜዳ ነው» ይላል።

እኔ ያልኩት ይህን ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር ከፍሎ የጉዞ መድን ይገዛል። እኛም ገዝተን ነበር። ግን መድን በጥቅሉ ያለ ፈቃድ ሲነዳ ለተጎዳ ሰው አይከፍልም። እግር ቢሰበር የሆስፒታሉን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? ወንድሜ፣ ካልሆነ ቤተሰቡ። አንድ ሕፃን ቢገጭስ? ይህ የገንዘብ ነገር ብቻ አይደለም፤ የሰው ሐቅ ነው። ሞተሩም የሰው ንብረት ነው፣ አማና ነው። አከራዩ መፍቀዱ ከአላህ ፊትም ከፖሊስ ፊትም ነፃ አያወጣንም። በመጨረሻ አንድ ሞተር ተከራይተን እሱ ከኋላ ተቀመጠ። እስከ ጆዛኒ አኩርፎኝ ነበር። እናንተ ይህን ክርክር ከሀገር ሳትወጡ ጨርሱት። ሦስትም አራትም ሆናችሁ ከሄዳችሁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመንገደኞች እንዳዘዙት አንዱን አሚር አድርጉ፤ «አሁን ይበቃናል፣ እንመለስ» የሚለው ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። ፈቃድ የሌላችሁ ሰዎች ደግሞ ዳላዳላ አለላችሁ፣ ርካሽ ነው፣ ፓጄም ኪዚምካዚም ይሄዳል።

ሁለተኛው ከባድ ነገር የመንገድ ወገን ነው። ታንዛኒያ በግራ ነው የሚነዳው። ሰው የሚፈራው አደባባዩንና ከተማውን ነው፤ አደባባይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል፣ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ትሰጣላችሁ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ከፊት የሚመጣውን መኪና ታቋርጣላችሁ። ይህ ግን ብዙም አያሳስትም፤ ሌሎች መኪኖች ስላሉ ትከተሏቸዋላችሁ። የሚያሳስተው ባዶ መንገድ ነው። ቆማችሁ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ሰግዳችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ስትነሱ እጃችሁ የለመደውን ይሠራል። እኔ ከጆዛኒ ስወጣ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ግራና ቀኝ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ዘና ብዬ በቀኝ በኩል ነዳሁ። መታጠፊያው ላይ ዳላዳላ ብቅ ሲል ከኋላዬ «ግራ! ግራ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አኩርፎ የነበረው ጓደኛዬ ነው። ሾፌሩም ፍሬን ይዞ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ በኋላ ሥራ ተከፋፈልን። ሞተሩ ከቆመበት በተነሳ ቁጥር እሱ «ኩሾቶ» ይላል፣ እኔ «ኩሾቶ» ብዬ እመልሳለሁ። በስዋሂሊ ግራ ማለት ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ መሪው ላይ ወረቀት ለጥፉ።

ጆዛኒ ራሱ ሊታይ የሚገባ ነው። ከዛንዚባር ውጭ የትም የማይገኝ ቀይ ኮሎቡስ ጦጣ አለው፤ ጦጣዎቹ አስፋልቱን እያቋረጡ ስለሚያልፉ እዚያ አካባቢ በጣም ቀስ በሉ።

ሞተሩን ስትረከቡ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የተሰጠን ሞተር የፊት ፍሬኑ እስከ መጨረሻ ቢጨመቅም አይዝም ነበር፤ አስቀየርነው። ሁለቱን ፍሬኖች፣ ፍሬቻውን፣ የፊት መብራቱን፣ ስፖኪዮዎቹን፣ የጎማውን ጥርስ እዩ። ማርሽ ያለው ካልለመዳችሁ ለመማር የሰው ሀገር አትምረጡ፣ ስኩተር ውሰዱ። ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ እያንዳንዱን ጭረት። ይህ ስንመለስ ጠቅሞናል፤ የድሮ ጭረት ሊያስከፍለን የሞከረው ሰው ቪዲዮውን ሲያይ ማስያዣችንን መለሰ። ፓስፖርታችሁን ግን ማስያዣ አድርጋችሁ አትስጡ፤ ኮፒና ጥሬ ገንዘብ ይበቃል። ሄልሜት ለሁለታችሁም ጠይቁ፣ ማሰሪያው መቆለፉን አረጋግጡ። ቤንዚን ከከተማ ሳትወጡ ሙሉ።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር፤ ማርሚታው። ከሞተር ስትወርዱ ሁልጊዜ በግራ በኩል ውረዱ፤ ማርሚታው ያለው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ነው። ጓደኛዬ ቁምጣ ለብሶ በቀኝ ወርዶ ባቱን አቃጠለ። ሰዎች የጥርስ ሳሙና ካልቀባን ብለው ነበር። ትክክለኛው ወራጅ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ መንደሮቹ የሙስሊም መንደሮች ስለሆኑ አለባበሱ ለአደቡም ይሆናል። እህቶች ከመሕረማችሁ ጋር ከኋላ የምትቀመጡ ከሆነ የዐባያና የሻርፕ ጫፍ ጎማና ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ሰብስባችሁ አስሩት። በሀገራችን ባጃጅና ሞተር ላይ በዚህ ምክንያት የደረሰ አደጋ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከሄልሜት በታች ደግሞ ስፒል የሌለው ሒጃብ ልበሱ።

ሰላትን በተመለከተ፣ መስጂድ የሌለበት መንደር አላየንም። እኔ ዳሬሰላም ሁለት ሳምንት ስለቆየሁ የሙሳፊር ሑክም ይመለከተኝ እንደሆነ ከመነሳቴ በፊት ኡስታዛችንን ጠይቄ ነበር፤ እናንተም የምትቆዩበትን ቀንና ርቀቱን ይዛችሁ ጠይቁ። ለዕቅዱ ግን እያንዳንዱን ሰላት በወቅቱ እንደምትሰግዱ አድርጋችሁ አስሉ። ጀምዕ ከተፈቀደላችሁ ሰዓት ይተርፋችኋል እንጂ አያጥራችሁም።

ኪዚምካዚ ዲምባኒ ላይ ዙህርን የሰገድንበትን መስጂድ በውጭ ብታዩት ቆርቆሮ የለበሰ ተራ ቤት ነው፤ በአጠገቡ ማለፍ ይቻላል። ውስጥ በቂብላው ግድግዳ ግን በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጸ ድንጋይ አለ፤ ቀኑ 500 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጆች 1107 ነው። ሕንፃው ከጊዜ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው፣ ጽሑፉ ግን የጥንቱ ነው። ከሰገድን በኋላ አንድ ሽማግሌ በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ አነበቡልን። እኛ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የቆየ ጽሑፍ ፊት ተቀምጠን ሰዓት አላየንም፤ ከተረፈን ትርፍ ሰዓት ግማሹ እዚያ ሄደ። ለዚህ ከሆነ ይሂድ።

የቀሩትን በአጭሩ። ከማርች እስከ ሜይ ከባድ ዝናብ ነው፣ ኖቬምበር አካባቢ ደግሞ ቀለል ያለው፤ የኛ የሴሚስተር እረፍት ደረቅና ሞቃታማ ጊዜ ላይ ይውላል። ረመዳን ከሆነ የሞተሩን ነገር ተዉት፤ በዚያ ሙቀት እየጾሙ መንዳት አደጋ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ይጠየቃል። ቪዛውን ቲኬት ሳትቆርጡ ጨርሱ። በገጠሩ የሚሠራው ጥሬ የታንዛኒያ ሽልንግ ነው።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ከተማ ገባን፣ ዐስርን ሰግደን ሞተሩን አስረከብን። ጓደኛዬ በጀልባው ላይ «የሞተር ፈቃድ ስንት ወር ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን እየተማረ ነው። ያልጠቀስኩት ነገር ካለ ከዙህር በኋላ መስጂዱ በር ላይ ሁለታችንንም ታገኙናላችሁ።