ዓይነ ስውሩ ገበሬ ስልኩን በራሱ እጅ ይያዝ

በሬውን ሸጦ ሒሳቡ በቴሌብር የገባለት ዓይነ ስውር ገበሬ ስልኩን ለሰው አቀብሎ «እስቲ ስንት ገባ? አንብብልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። አንባቢው ታማኝ ከሆነ ደግ ነው፤ ካልሆነ ግን የምስጢር ቁጥሩም ገንዘቡም በሌላ እጅ ገባ ማለት ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን መሆናቸውን አመልክቷል። ከምክንያቶቹም የዓይን ሞራ ግማሹን ያህል ሲይዝ ትራኮማ ይከተላል።

«ቁልፍ የሌለው ስልክ ለዓይነ ስውር ምን ይሠራለታል?» የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአንድሮይድ ስልክ ቶክባክ፣ በአይፎን ደግሞ ቮይስኦቨር የተባሉ፣ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነቡ አገልግሎቶች አሉ። ክፍያም አይጠየቅባቸውም።

ቶክባክ የሚከፈተው «ሴቲንግ» ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» ከሚለው ገብቶ ነው። ከዚያ በኋላ የስልኩ አነካክ ይለወጣል፤ ይኸውም ጣት ያረፈበትን ነገር ስሙን ይናገራል፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲደረግ ይከፍተዋል፣ ጣት ወደ ቀኝ ሲጠረግ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለአማርኛ ንባብ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለውን ነፃ የድምፅ ፕሮግራም መጫን ይቻላል። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ባይለሰልስም ጆሮ ይለምደዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «አበላሸው ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ነው። ስለሆነም በመጀመሪያው ቀን ስልክ ማንሳትና መዝጋት ብቻ ይበቃል። በማግሥቱ ለዘመድ መደወል፣ ቀጥሎ መልእክት ማስነበብ ይለማመድ፤ የገንዘብ ነገር በመጨረሻ ይምጣ። የሚያስተምረው ሰው በቃል ይምራ እንጂ ስልኩን ከእጁ አይንጠቅ። ሲሳሳትም ራሱ ተመልሶ እንዲያርመው ይታገሠው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ድፍረት የሚገኘው በገዛ እጅ ሠርቶ በማየት ነው።

በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በመጀመሪያ ዓይነ ስውራን አባሎቻቸውን፣ ሴቶቹንም ሳይዘነጉ፣ ለይተው ይወቁ። ቀጥሎም ስልክ የሚያውቅ ትዕግሥተኛ ወጣት መርጠው ከስብሰባ በኋላ የማስተማሪያ ሰዓት ይመድቡ። የምስጢር ቁጥር በሚነካበት ጊዜ ስልኩ የሚያነበውን ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጆሮ ማዳመጫ መጠቀም እንደሚገባም ያስረዱ።

ያ ገበሬ በሚቀጥለው ገበያ የገባለትን ገንዘብ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ሲያረጋግጥ፣ በሬውን ብቻ ሳይሆን ሒሳቡንም ራሱ ሸጦ ራሱ ተቀበለ ማለት ነው።