ሞተሩ ያጠቃል፣ መሪው ይከላከላል

አጥቂ በሚሊዮኖች ገዝቶ ተከላካዩን የዘነጋ ክለብ መጨረሻው ምን እንደሚሆን የኳስ አፍቃሪ አይጠፋውም። በፎርዊል ድራይቭ መኪኖች የአገር አቋራጭ ስፖርትም ነገሩ ያው ነው። ገንዘቡ ቀድሞ የሚፈሰው ሞተርና ጎማ ላይ ሲሆን ውድድሩ ግን በአንዲት የታጠፈች ዘንግ ሊያበቃ ይችላል።

ጥሩ ማሳያው በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ጆንሰን ቫሊ በረሃ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው «ኪንግ ኦፍ ዘ ሀመርስ» ነው። ተወዳዳሪው በረሃውን በከፍተኛ ፍጥነት ያቋርጥና ወዲያው ከቋጥኝ ጋር ይፋጠጣል። የፊት ጎማው ድንጋይ መሀል ተቀርቅሮ ሹፌሩ መሪውን ሲጠመዝዝ፣ ጉልበቱ የሚያርፈው ግራና ቀኙን ጎማ በሚያያይዘው ታይሮድ ላይ ነው። የፋብሪካው ታይሮድ የተሰራው ለፋብሪካው ጎማ ነው። ባለ 37 ኢንች ሲገጠም ጫናው ይጨምራል፤ ዘንጉ ይታጠፋል፤ ጎማዎቹም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያያሉ።

ታዲያ ወፍራም ታይሮድ ገጥሞ መገላገል ነዋ? አይደለም! ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ታይሮዱ ሲጠነክር ጫናው ወደ ቴስቲናው ይዞራል። ቴስቲናው ሲቀየር ወደ ስቲሪንግ ቦክሱ ይሄዳል። ቦክሱ ቢችለው ደግሞ የታሰረበት ሻንሲ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ቦክሱን በተጨማሪ ብረት የሚደግፉት፣ ታይሮዱን የሚገፋ የዘይት ሲሊንደርም የሚጨምሩት። በትልቁ ምድብማ መሪውንና ጎማውን የሚያገናኘው ዘይት ብቻ የሆነ አሰራር የተለመደ ነው። ይህ ግን ለውድድር ሜዳ እንጂ ለአስፋልት አይሆንም፤ ቱቦው ከፈነዳ ሹፌሩ መሪ አልባ ይቀራል።

መኪናን በረጅም ሞላ ከፍ ማድረግም የራሱ መዘዝ አለው። ድፍን የፊት አክስል ባላቸው መኪኖች ከቦክሱ ወደ ጎማው የሚወርደው ዘንግ ከልክ በላይ ይዘማል። ያኔ ጉድጓድ በተገባ ቁጥር ማንም ሳይነካው መሪው ይስባል። በዚህ ላይ የላላ ቴስቲና ከተጨመረ በፍጥነት ሲነዳ የፊት ክፍሉ በሙሉ ሊርገፈገፍ ይችላል። ይህን በአዲስ የመሪ አሞርዛተር ማፈን የተጎዳን ተጫዋች በማደንዘዣ መርፌ እንደማሰለፍ ነው። ሃያ ደቂቃ ይጫወት ይሆናል፤ ጉዳቱ ግን አለ።

ስለዚህ ዝውውሩ ከመጀመሩ በፊት ምርመራው ይቅደም። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፣ ሌላው ከስር የሚላወሰውን ይይ። ይህ ሙከራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የመጀመሪያው ብር የት መውጣት እንዳለበት ግን ይናገራል።