ስለ መዳብ ኃይልና ስለ ሕሙማን ክፍል

ሰው ከደዌው ለመዳን ሐኪም ቤት ገብቶ፥ ይዞት ከመጣው ደዌ ይልቅ እዚያው ያገኘው ደዌ ሲጥለው ማየት እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው። ይህም ከስንት አንድ የሚሆን ነገር አይምሰል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ለጽኑ ሕመም ሆስፒታል ከሚተኙት መቶ ሰዎች በባለጸጎች አገር 7ቱ፥ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ደግሞ 15ቱ፥ በተኙበት ቤት ሳሉ ቢያንስ አንድ ተላላፊ በሽታ እንደሚይዛቸው፥ ከተያዙትም ከዐሥሩ አንዱ እንደሚሞት አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የሐኪምና የአስታማሚ እጅ ነው፤ ነገር ግን እጁ የሚነካው ዕቃም አለ። የአልጋው መደገፊያ፥ የበሩ እጀታ፥ የቧንቧው መክፈቻ፥ በቀን ውስጥ ስንት እጅ እንደሚፈራረቅባቸው የሚቈጥር የለም። በማለዳ ቢታጠቡ ቀትር ሳይደርስ እንደ ገና ያድፋሉ። እንግዲህ ሊቃውንት የጠየቁት ነገር፥ ዕቃው ራሱ ሌሊትና ቀን ተውሳክን የሚገድል ሊሆን አይችልምን? የሚል ነው። መልሱም ከጥንት ጀምሮ በሰው እጅ ካለው ከመዳብ ተገኘ።

በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 30 እንደ ተጻፈ፥ ካህናቱ ወደ ድንኳኑ ሳይገቡ እጃቸውንና እግራቸውን የሚታጠቡበት ሰን ከናስ እንዲሠራ ታዝዞ ነበር። ይህ የታዘዘው ስለ ቅድስና እንጂ ስለ ተውሳክ አይደለም፤ ስለዚህ የዛሬውን ሳይንስ ከመጽሐፍ ለማውጣት መድከም አይገባም። በሕንድ አገርም ውሃን በመዳብ ዕቃ አሳድሮ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የታተመ የዚያው አገር ሊቃውንት ጥናት፥ ተቅማጥ የሚያመጡ ተውሳኮች የተጨመሩበት ውሃ በመዳብ ማሰሮ 16 ሰዓት ሲቆይ ተውሳኮቹ እንደ ጠፉ አሳይቷል።

ነገሩን በሐኪም ዓይን አስተውሎ ከተመለከቱት አንዱ ቪክቶር ቡርክ የሚባለው ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው በ1852 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የመዳብ ማቅለጫ ቤት ሄደ። ከዚያ በፊት በ1832 እና በ1849 ዓ.ም. ኮሌራ ከተማውን ፈጅቶት ነበር። በማቅለጫው ቤት ግን 200 ያህል ሠራተኞች ሲኖሩና ሲሠሩ፥ በሁለቱም መቅሠፍት ጊዜ ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ እንዳልሞተ ሰማ። በዚያው መንገድ መዳብ የሚሠሩት ሌሎችም እንደዚሁ መትረፋቸውን በጠየቀ ጊዜ መገረሙ በዛ፤ ዓመታትም ወስዶ የአንጥረኞችንና የመዳብ ሠራተኞችን ሞት ከሌላው ሕዝብ ሞት ጋር ሲያስተያይ ኖረ። በ1867 ዓ.ም. ያሰባሰበውን ማስረጃ ለፈረንሳይ የሳይንስና የሕክምና አካዳሚዎች አቀረበ። የኮሌራ ተውሳክ በጀርመናዊው ሐኪም በኮኽ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1883 እና በ1884 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ቡርክ ያየውን ለምን እንደ ሆነ ለመናገር አልቻለም። ደግሞም ይህ ሰው የነርቭ በሽታን የብረት ቍራጭ በሰውነት ላይ በማሰር እፈውሳለሁ ይል ስለ ነበር፥ ምናልባት ይኸው ነገር እውነተኛውን ማስተዋሉን ሳይጎዳበት አልቀረም። አንድ ሰው በአንዱ ነገር ሲሳሳት በሌላው ያየው ሁሉ ሐሰት አይሆንም፤ ሰሚ ግን ይህን ለመለየት ሁልጊዜ አይታገሥም።

ከዚያ በኋላ ስዊሳዊው ሊቅ ናጌሊ፥ በውሃ ውስጥ ያለ እጅግ ጥቂት መዳብ አልጌን እንደሚገድል መርምሮ ነበር፤ ጽሑፉም ከሞተ በኋላ በ1893 ዓ.ም. ታተመ። ይሁን እንጂ ሰዎች አዳዲስ መድኃኒቶች ባገኙ ጊዜ ነገሩ ወደ ጎን ቀረ።

ነገሩን ወደ ሆስፒታል የመለሰችው ፊሊስ ኩን የምትባል አሜሪካዊት ናት። በፔንሲልቬንያ ግዛት በኢሪ ከተማ ባለ ሆስፒታል የጽዳትና የጥገና ሠራተኞችን ስታስተምር፥ በቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ተውሳክ በጥጥ ጠርገው እንዲያመጡ አዘዘቻቸው። ከመጣው ሁሉ የሚያስደንቀው የበሩ እጀታ ነበር። አሮጌው የናስ እጀታ፥ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት፥ ተውሳክ እምብዛም አልተገኘበትም፤ የሚያብረቀርቀውና ንጹሕ የሚመስለው የማይዝግ ብረት ግን ብዙ ተውሳክ አብቅሎ ተገኘ። ቀጥላ ብትፈትነው፥ ናሱ በሰባት ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ራሱን አጠራ፤ አዲስ የተፈገፈገው ደግሞ ከዚያም ፈጠነ። ይህንን በ1983 ዓ.ም. ጽፋ፥ ሆስፒታሎች ቤታቸውን ሲያድሱ አሮጌውን ናስ ነቅለው ከመጣላቸው በፊት እንዲያስቡበት መከረች። ጥቂቶች እንጂ ብዙዎች አልሰሟትም፤ የሚያብረቀርቀው ነገር ዓይንን ይስባልና።

የመዳቡ አሠራር እንዲህ ነው። ተውሳኩ በመዳቡ ላይ ሲያርፍ፥ አዮን የሚባሉ ኤሌክትሪክ የያዙ ረቂቃን የመዳብ ክፍሎች እየተለቀቁ ሽፋኑን ይበሱታል፤ ከውስጥም ገብተው ዘሩን የሚያቆየውን ዲ ኤን ኤ ያፈራርሱታል። በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ፈተና፥ ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋመው ስታፊሎኮከስ በመዳብ ላይ በ90 ደቂቃ ሲሞት፥ በማይዝግ ብረት ላይ ግን ሦስት ቀን ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 275 ዓይነት የመዳብ ቅይጦችን መርምሮ፥ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከመቶ 99.9 ያህሉን ተውሳክ ይገድላሉ ተብሎ እንዲሸጡ ፈቀደ።

ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሕሙማን ላይ ያለውን ፍሬ መለካት ግን የከበደ ሥራ ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በሦስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጽኑ ሕሙማን በሚተኙባቸው ክፍሎች፥ ስድስት ዕቃዎች በመዳብ ተሸፍነው ተፈተኑ። በሌሎቹ ክፍሎች ከመቶ 8.1 ሰዎች አዲስ በሽታ ሲይዛቸው፥ በመዳቡ ክፍሎች የተያዙት 3.4 ብቻ ሆኑ። ሌሎች ፈተናዎች ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኙም። በ2020 ዓ.ም. ሰባት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት፥ በሽታው ከመቶ 27 ያህል እንደሚቀንስ ገምተው፥ ማስረጃው ግን ገና ደካማ መሆኑን አልሸሸጉም። ስለዚህ መዳብ ሻጭ የሆነ ነጋዴ መጥቶ ከእንግዲህ በሽታ የለም ቢል፥ ገንዘብ ፈቃጁ ሹም ቶሎ መፈረም አይገባውም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ሲሰጥ፥ መዳቡ በጽዳትና በእጅ መታጠብ ላይ የሚጨመር እንጂ በእነርሱ ፈንታ የሚቆም አለመሆኑ እንዲጻፍበት አዟል።

ቢሆንም ገንዘብ ሳይወጣ የሚደረግ ነገር አለ። የናስ እጀታ ያለበት አሮጌ ሆስፒታል እጀታውን ነቅሎ ከመጣል መጠበቅ ነው። እጀታውም እንዳይጠቁር ተብሎ ቫርኒሽ ቢቀባ፥ ተውሳኩ መዳቡን አይነካምና ኃይሉ ይቀራል። መጥቆሩ ብቻውን ኃይሉን አያጠፋም፤ ስብና እድፍ ግን ተውሳኩን ከመዳቡ ይለዩታልና፥ እጀታው በየጊዜው በሳሙናና በውሃ መታጠብ አለበት።