የቅበላው ሌሊት በደቻቱ

ወርኃ ነሐሴ በባተ ቁጥር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ ከሕፃን እስከ አረጋዊ፣ የእመቤታችንን የቅድስት ድንግል ማርያምን ጾመ ፍልሰታ በናፍቆት ይቀበላሉ። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ካህናቱ ሰዓታት ይቆማሉ፤ ቅዳሴው አይታጎልም፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል። ሌላውን ጾም መያዝ የሚያቅተው ልጅ እንኳ ፍልሰታን ጾሞ ይቆርባል። ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን ትንሣኤና ዕርገት ሲከበር ጾሙ ይፈታል።

በድሬዳዋ ከተማ ግን ጾመ ፍልሰታ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ መታሰቢያም ይዞ ይመጣል። በዚያ ዓመት ሐምሌ 30 ቀን እሑድ የጾሙ ቅበላ ነበር። ቅዳሜ ማታ የነገውን ቅበላ አስቦ የተኛው ሕዝብ ሌሊቱ ሳይነጋለት ደቻቱ ሞልቶ በላዩ መጣበት። ጾሙ የተያዘው በልቅሶ ድንኳን ውስጥ ሆነ።

«እግዚአብሔር እያለ ይህ ለምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በብዙ ቤት ሳይመለስ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ መልሱን ይዞ አልቀረበም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን መልስ ያላገኘውን ሐዘንተኛ በምን እንደምታጸናው፣ እኛስ ከአጠገቡ ስንቀመጥ ምን ልንል፣ ምንስ ላንል እንደሚገባን በዚህ ቅዱስ ሰሞን ማሰብ ተገቢ ስለሆነ ነው።

ደረቁ ወንዝ

ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተቆረቆረች። ደቻቱ መካከል ለመካከል ይከፍላታል፤ በአንዱ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ደቻቱ እንደ ዓባይ ወይም እንደ አዋሽ ዘወትር የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

አደገኛነቱም ከዚሁ ከደረቅነቱ የመጣ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በስተደቡብ የሚታየው የሐረርጌ ደጋ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በድሬዳዋ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ እንኳ በደጋው ላይ የጣለው ዝናም ያን ቁልቁለት ተንደርድሮ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ የመጣው ውኃ ግንቡን አልፎ፣ ቤቱን ከነነዋሪው ጠርጎ ሄደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዛቸው ጠፋ፤ ወደ 10000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤት ንብረቱ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤቶችና በድንኳኖች ተጠለለ። ጾሙ ከተያዘ ሳምንት ሲሆን ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎችን መግደሉ ተሰማ።

በደቻቱ የሞቱት ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ነበሩ። ጎርፉ አልለየም፤ ሐዘኑም አልለየም። አርባው የዋለው መስከረም 4 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበርና እንቁጣጣሽም በእነዚያ ቤቶች ያለ አበባና ያለ ዘፈን አለፈ።

ከቁልቢ መልስ

ለምሥራቁ አገር ምእመን ጥያቄውን የሚያከብደው አንድ ነገር ነበረ። ከጎርፉ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል ተከብሯል። ልዑል ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ወዳሠሩት ወደዚህ ደብር ከመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ ይተማል። ልጅ ያገኘች እናት፣ ከሕመሙ የተፈወሰ በሽተኛ፣ ከአደጋ የተረፈ መንገደኛ ስለቱን ያስገባል። የድሬዳዋ ሰውማ ጎረቤት ነው። እንግዲህ በዚያ በዓል «ተሰማልኝ» ብሎ እልል ያለ ቤተሰብ፣ በአሥረኛው ቀን ሌሊት ልጁን ውኃ ሲወስድበት ምን ይበል?

የዚያው የሐምሌ 19 በዓል ታሪክ በጥሞና ላደመጠው ሰው ስለዚህ ይናገራል። በዓሉ ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነበት ነው። እናቲቱ የውኃውን ድምፅ እንደ ነጐድጓድ በሰማች ጊዜ ፈራች፤ የ3 ዓመቱ ልጅ አጽናናት፤ መልአኩም ወርዶ ውኃውን አበረደው። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አያበቃም። ቂርቆስና ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ የወጡት ሞት ከቶ ላያገኛቸው አልነበረም፤ በኋላ በሰማዕትነት ዐርፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ጥር 15 ቀን የሰማዕትነታቸውን በዓል ታከብራለች። የሐምሌው በዓል የመዳን፣ የጥሩ በዓል የሞት መታሰቢያ ነው። በአንዱ እግዚአብሔር ወዷቸው፣ በሌላው ትቷቸው ነበር የሚል ክርስቲያን የለም። በሁለቱም ቀን ያው አምላክ፣ ያው ፍቅር ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን የሚታሰቡት ሠለስቱ ደቂቅም እንዲሁ ናቸው። ናቡከደነፆር ወደ እቶን እሳት ሊጥላቸው በተነሣ ጊዜ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩበት (ዳን. 3)። ይህን ሲናገሩ መልአኩ ገና አልወረደም። እምነታቸው የተመዘገበላቸው ከእሳቱ ከወጡ በኋላ ሳይሆን መውጣታቸውን ሳያውቁ ነው። ደቻቱ ዳር ልጁን አጥቶ ሲያበቃ በነሐሴ 1 ቀን ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰውም ያንኑ «ባያድነንም እንኳ» የሚለውን ቃል በእግሩ ተናግሯል።

ሐዘንተኛን የሚያቆስል መልስ

ሰው ምክንያቱን ያላወቀው መከራ ያስፈራዋል። ስለዚህ መልስ ለማግኘት ይቸኩላል። ከሚቸኩልባቸው መልሶች አንዱ «በኃጢአታቸው ነው» የሚለው ነው። ጌታችን ግን ይህን መልስ በግልጽ ዘግቶታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተማረ፤ ንስሓም ያሳሰበው የሞቱትን ሳይሆን ቆመው የሚሰሙትን ነው (ሉቃ. 13)። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ባሉት ጊዜም እርሱንም ወላጆቹንም ከዚህ ክስ ነጻ አውጥቷል (ዮሐ. 9)። ጌታ የዘጋውን በር እኛ በልቅሶ ቤት ብንከፍተው በሐዘን ላይ ሐዘን እንጨምራለን። በዚያ ሌሊት ከሞቱት መካከል ጡት ያልጣሉ ሕፃናት ነበሩና።

ሁለተኛው መልስ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ነው። ይህ ቃል ሐዘንተኛው ራሱ በእንባ ሲናገረው ታላቅ ጸሎት ነው። ሌላው ሰው የራሱን ቸልታ ሊሸፍንበት ሲጠቀምበት ግን የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት ይሆናል። በደጋው ላይ ያለው ደን ሲመነጠር፣ አፈሩ ውኃ መያዝ ሲያቅተው፣ ሌላ ቦታ ያጣ ድኃ ወንዙ ዳር ጎጆ ሲቀልስ፣ ውኃው መምጣቱን የሚያስታውቅ ሳይኖር ሲቀር፣ ይህ ሁሉ የሰው ሥራ ነው። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ መጠናከሩ፣ በተራራው ላይ እርከንና የዛፍ ተከላ መካሄዱ እምነት ማጣት አይደለም። ኖኅ በእግዚአብሔር ስለታመነ መርከብ ሠራ እንጂ እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም።

መጠየቅ ክህደት ነውን?

አንዳንድ ምእመናን በሐዘናቸው ጊዜ «ለምን?» ማለትን እንደ ክህደት ቆጥረው ጥያቄውን በልባቸው አፍነው ይሠቃያሉ። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን እንዲህ አላስተማሩም። ጻድቁ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም ደርሶ ጮኸ። ሦስቱ ወዳጆቹ 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት መተንተን ሲጀምሩ ግን አጠፉ። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በጠየቀው በኢዮብ ላይ ሳይሆን መልስ በሰጡት በወዳጆቹ ላይ ነው። ለኢዮብ ራሱ የመከራው ምክንያት እስከ መጽሐፉ መጨረሻ አልተነገረውም። የተሰጠው አንድ ነገር ነው፤ ሲጠራው የነበረው አምላክ መጥቶ አነጋገረው።

በየቤታችን በየዕለቱ የሚደገመው ዳዊትም በእንዲህ ያለ ጩኸት የተሞላ ነው። 68ኛው መዝሙር ውኃ እስከ ነፍሱ የደረሰበትን፣ መቆሚያ በሌለው ረግረግ የሰጠመውን ሰው ጸሎት ይዟል። 87ኛው መዝሙር ደግሞ አንድም የመጽናናት ቃል ሳይጨመርበት በጨለማ ያበቃል። አባቶቻችን ይህን መዝሙር ከዳዊቱ አላወጡትም። ጌታችንም በመስቀል ላይ የተተወ ሰው ጥያቄ የሆነውን የ21ኛውን መዝሙር መነሻ በከፍተኛ ድምፅ ጸልዮአል። እንግዲህ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው አካል እንዳለ ያመነ ሰው ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ጀርባውን ያዞራል እንጂ አይጣራም።

ከፍልሰታ የምንማረው

የያዝነው ጾም ራሱ ከናፍቆትና ከጥያቄ የተወለደ መሆኑን እናስታውስ። እመቤታችን ጥር 21 ቀን ባረፈች ጊዜ ሐዋርያት ሥጋዋን ወደ ጌቴሴማኒ ሲወስዱ ሥጋዋ ከመካከላቸው ተነጥቆ በገነት በዕፀ ሕይወት ሥር ተቀመጠ። አብሮ ተነጥቆ ከነበረው ከቅዱስ ዮሐንስ በቀር ያየ አልነበረም። ሌሎቹ እናታቸውን ሳይቀብሩ ከስድስት ወር በላይ ቆዩ። ነሐሴ ሲገባ ጾሙ፤ ነሐሴ 14 ቀን ሥጋዋን ተቀብለው ቀበሩ። በሦስተኛው ቀን ስትነሣና ስታርግ ደግሞ ያያት ከሩቅ አገር በደመና ይመጣ የነበረው ቶማስ ብቻ ነበር፤ መግነዟንም ሰጠችው። ሐዋርያት መቃብሯን ከፍተው ባዶ ሆኖ አገኙት። እነርሱም ለማየት እንዲበቁ በዓመቱ ዳግመኛ ሱባዔ ገቡ።

የሚቀበር ሥጋ አጥቶ ወራት ያለፈበትን ሰው ሐዘን ሐዋርያት ያውቁታል ማለት ነው። በደቻቱ አሸዋ ውስጥ የልጁን አስከሬን ፈልጎ ላጣ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለእነዚያ ሙታን መቃብራቸው የት ነው ብላ አትጠይቅም፤ ስመ ክርስትናቸውን እየጠራች ትጸልይላቸዋለች። ሥጋቸው የት እንዳለ ያላወቅነው እኛ ነን እንጂ ለፈጠራቸው አልጠፉበትም። የነሐሴ 16 በዓልም ሞት የያዘውን እንደያዘ እንደማይቀር የሚመሰክር የትንሣኤ በዓል ነው።

የሐዋርያቱ ናፍቆት ተፈጸመ፤ የደቻቱ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ልጅዋን በዐይኗ ፊት ያጣችው እናት፣ እመቤታችን፣ በቀራንዮ ምን እንደተደረገላት እንመልከት። አረጋዊው ስምዖን አስቀድሞ የነገራት የሐዘን ሰይፍ በልቧ ባለፈበት ሰዓት፣ «ለምን?» ለሚለው ማብራሪያ ከመስቀሉ አልተሰጣትም። የተሰጣት ሰው ነው። ልጇ ለዮሐንስ እናት አድርጎ ሰጣት፤ ዮሐንስንም ልጅ አድርጎ ሰጣት። ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19)። ጌታ ለሐዘንተኛይቱ እናት ያዘጋጀላት መጽናኛ የሚቀበላት ቤት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጾመ ፍልሰታም የታየው ይህ ነው። የራሱ ቤት የተረፈለት የድሬዳዋ ሰው ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል በሩን ከፈተ፤ አስከሬን ፈለገ፤ ድንኳን ተከለ፤ እንጀራ አቀረበ። በእግዚአብሔር መታመን በሐዘንተኛው በኩል ጥያቄውን ይዞ ወደ ጸሎት መሄድ ነው። በጎረቤት በኩል ደግሞ እንደ ዮሐንስ ወደ ቤት መውሰድ ነው። ሁለተኛው ሲጎድል የመጀመሪያው እጅግ ይከብዳል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ጾሙ ተፈቶ ማዕዱ ሲቀርብ በየሰፈራችን ሐዘን የገባበትን ቤት እናስብ። ስንሄድ ምክንያት ይዘን ሳይሆን እንጀራ ይዘን እንሂድ። ቃል ካጣን እንደ ኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያ 7 ቀናት ዝም ብለን አጠገቡ እንቀመጥ። የሙታኑን ስም መጥራት አንፍራ፤ ሐዘንተኛው የሚፈራው ስማቸው እንዳይረሳ ነው። ከቀራንዮ ሐዘን ወደ ጌቴሴማኒ ትንሣኤ የተሻገረችው እናታችን በምልጃዋ አትለየን።

መልካም የፍልሰታ በዓል ይሁንላችሁ።