መስኮቱ የማን ነው?

ከዝግጅት ክፍሉ

ሰሞኑን አንድ የቆዩ ወዳጃችን ማምሻውን ደወሉልን። ከአገር ቤት የመጣ የተባለ ቪዲዮ በኢሜይል ደርሷቸው ሊከፍቱት ሲሉ «ብራውዘርዎ አርጅቷል፤ ቪዲዮውን ለማየት እዚህ ተጭነው ያድሱ» የሚል ማስታወቂያ ፊታቸው ተደነቀረባቸው። «ልጫነው ወይስ ልተወው?» አሉን። እኛም «ከነገሩ ጦም እደሩ ነው፤ ይዝጉት» አልናቸው። ከዘጉት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ አስከተሉ። «ለመሆኑ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የትኛው ብራውዘር ይሻላል?» ጥያቄው የብዙ አንባቢዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ልንመለከተው ወደድን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ወዳጃችን ከምን እንደተረፉ እንናገር። በዲሴምበር 2017 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ልክ እንዲህ ባለ ዘዴ ሲታደኑ እንደነበር አጋልጧል። ኢሜይሉ ወደ አንድ የቪዲዮ ገጽ ይመራል። ገጹ «ፍላሽ ማጫወቻዎን ያድሱ» ይላል። ያደሰ ሰው ኮምፒውተሩን ከነምስጢሩ አስረከበ ማለት ነው። መሰለያው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት እንደነበረ፣ ከጀርባውም የኢትዮጵያ መንግሥት አካላት እንዳሉ ጥናቱ አመልክቷል። ፍላሽ የሚባለው ነገር ራሱ በ2020 መጨረሻ ላይ አክትሞለታል። ስለዚህ ዛሬ «ፍላሽ አድሱ» የሚል ሁሉ፣ ያለ አንዳች ጥርጥር፣ አታላይ ነው።

አንዳንዱ ወገናችን «እኔ ምን ምስጢር አለኝና?» ይላል። እኛ እዚህ ተቀምጠን ብንሰለል የምናጣው የይለፍ ቃላችንን ወይም ጥቂት ገንዘብ ሊሆን ይችላል። በኢሜይላችን ውስጥ ስሙ የሚገኘው፣ አገር ቤት ሆኖ መረጃ የሚልክልን ሰው ግን የሚያጣው ነጻነቱን ነው። የብራውዘር ምርጫ ለእኛ ከቴክኒክ ጉዳይ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጥያቄያችን ሌላ ነበር። «አማርኛውን የሚያሳየው የትኛው ነው?» እንል ነበር። ግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ቢገባም፣ በብዙው ሰው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላልነበረ ጽሑፋችን ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ በፒዲኤፍ ወይም በሥዕል መልክ እናወጣው ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነገሩ ቀለለ። ዛሬ ሁሉም ብራውዘር አማርኛን ያነባል። የቀረው ጥያቄ፣ እኛ ስናነብ እኛን የሚያነበን ማን ነው የሚለው ነው።

አብዛኞቻችን ብራውዘር መርጠን አናውቅም። ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን እንይዛለን። በመንግሥት ጋዜጣ የሠራን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። አንባቢ ፊቱ የተቀመጠለትን ያነባል፤ ማን እንዳስቀመጠለት የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው።

በ2008 የወጣው ክሮም የጉግል ነው። ፈጣን ነው፤ ቶሎ ቶሎም ይታደሳል። ነገር ግን ጉግል የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ የሰውን ፍላጎት ማወቅ ይፈልጋል። ከድረ ገጽ ድረ ገጽ የሚከተሉንን የሌሎች ድርጅቶች ኩኪዎች አስቀራለሁ ብሎ በ2020 ቃል ገባ፤ ደጋግሞ ቀጠሮ ካራዘመ በኋላ በ2024 ሐሳቡን ተወው። የአፕል ሳፋሪ ግን እነዚህኑ ኩኪዎች ከ2020 ጀምሮ ይዘጋል።

ፋየርፎክስ በ2004 የወጣ፣ ለትርፍ ያልቆመው የሞዚላ ፋውንዴሽን ልጅ ነው። የታወቁ ተከታታዮችን ከ2019 ጀምሮ ሳይጠየቅ ያግዳል። እውነቱን ለመናገር ግን የሞዚላ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያው ከጉግል ነው። ብሬቭ ደግሞ ከክሮም ጋር በአንድ መሠረት ላይ ቢሠራም ማስታወቂያንና ክትትልን ከመነሻው ይከለክላል። የማይክሮሶፍቱ ኤጅም ከ2020 ወዲህ በዚያው መሠረት ላይ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2022 ጡረታ ወጥቷል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እስካሁን የያዛችሁት ካላችሁ ዛሬውኑ ተሰናበቱት።

አገር ቤት የብዙ ሰው ወዳጅ የሆነው ኦፔራ ሚኒ ገጹን ጨምቆ ስለሚያመጣ የኢንተርኔት ወጪን ይቀንሳል። የሚጨምቀው ግን በኩባንያው ኮምፒውተር ውስጥ አሳልፎ ነው። ለዜና ማንበቢያ ጥሩ ነው፤ ለምስጢር አይሆንም።

ቶርን ለብቻው ማንሳት ይገባል። ማን የትኛውን ገጽ እንዳየ ለማወቅ እንዲያስቸግር መንገዱን በብዙ አገሮች ያዞረዋል። በ2006 ድረ ገጾቻችን አገር ቤት መዘጋት ሲጀምሩ ወገን መውጫ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር፤ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ቶር ነበር። በሜይ 2012 በኢትዮጵያ እየተለየ መታገዱን የቶር ሰዎች ራሳቸው ይፋ አድርገዋል። በ2018 ከ200 በላይ ድረ ገጾች ተከፍተዋል። የተከፈተው ግን ተመልሶ ሊዘጋ እንደሚችል ደጋግመን አይተናል። ቶር ዘገምተኛ ስለሆነ ለዕለት ሥራ አይመችም፤ መጠቀማችሁንም የኢንተርኔት አቅራቢው ሊያውቅ ይችላል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። አንድ ሳይሆን ሁለት ብራውዘር ይኑራችሁ። ፋየርፎክስን ወይም ብሬቭን ለንባብ አድርጉት፤ በዚያ ውስጥ ኢሜይልም ፌስቡክም አትክፈቱ። ባንክና ኢሜይል በሌላው ይሁን። ማደሻውን ከብራውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ ብቻ ፈልጉ፤ ከገጽ ላይ ብቅ የሚል «አድስ» ይቅርባችሁ። በአሠሪ ቤት ዋይፋይ ለምትጠቀሙ በዓረብ አገሮች ላላችሁ እህቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። «ስውር መስኮት» የሚባለው ታሪካችሁን ከስልካችሁ ላይ ብቻ ያጠፋል፤ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ የዋይፋዩ ባለቤት ሊያይ ይችላል። ስውርነቱ ከጉግልም እንዳልነበረ በ2020 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ ቀርቦ፣ ኩባንያው በ2024 የሰበሰበውን መረጃ ለመደምሰስ ተስማምቷል።

የትኛውም ብራውዘር ግን ከራሳችን ጣት አያድነንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በእኛ ጉዳይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ወዳጃችን ያን ምሽት ያዳናቸው የብራውዘራቸው ዓይነት አልነበረም፤ ከመጫናቸው በፊት መጠየቃቸው ነው።

ቸር ይግጠመን!